ምንጭና ጀፎረ

እጩ መምህራን ሆይ! ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹህ ነው ወይ? አይደለም። በዓይን የማይታይ የተቅማጥ ተሕዋስ በጠራ ውሃም ውስጥ ይኖራል።

በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአታት ሆስፒታል በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ሕሙማንን ከማከም ባሻገር ከገበሬው ጋር ሆኖ ምንጭ ሲያጎለብት ኖሯል። ውሃው ካልተጠበቀ የዳነው ሕፃን ተመልሶ ይታመማላ!

ምንጭ የሚጎለብተው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ይቆፈራል። ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፤ ላዩ በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ውሃው በቧንቧ ይወጣል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቀደዳል፤ ዙሪያው ይታጠራል። የከብት ገንዳ ከታች ይሠራል።

ይህ ሁሉ ግን ጠባቂ ከሌለው ከንቱ ነው። አጠባበቁን ከጉራጌ ጀፎረ እንማር። በመንደሩ መሐል የተዘረጋው ይህ ሰፊ መስክ መንገድም ነው፣ የልጆች መጫወቻም፣ የሠርግና የለቅሶ ቦታም። አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋውን ሰው ሽማግሌዎች ዝም አይሉትም። ለምንጩስ እንዲሁ ብንቆረቆር ምናለ?

ስለዚህ ነገ ክፍል ስንገባ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን ብቻ አንለፍ። ተማሪዎቹን ምንጩ ድረስ እንውሰዳቸው፤ አጥሩ መቆሙን፣ ቦዩ አለመደፈኑን በዓይናቸው ይዩ።