ካፒቴን ማለት ምን ማለት ነው?

ከአምቦ ተነሥቶ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ እጃጂ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። በሜዳው ላይ «ንዳው እንጂ!» እያለ ሾፌሩን ሲጨቀጭቅ የነበረው ተሳፋሪ፣ ከጌዶ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጸጥ ይላል። የሁሉም ነፍስ በአንድ ሰው እጅ መሆኑን በዚያች ሰዓት ይረዳዋልና። የዚህም ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። የብዙዎች ሕይወት በእጁ ያለ ሰው ጠባዩ እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል?

«ካፒቴን» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ራስ» ማለት ነው። እኛም በቀድሞው ዘመን ታላቁን የጦር አለቃ «ራስ» እንለው ነበር። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች በአንድ አሳብ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ራስ ከአካሉ ተለይቶ ሊድን አይችልም፤ ካፒቴንም ከመርከቡ ሰዎች ተለይቶ አይቈጠርም።

1ኛ/ በልብ ወለድ የምናየው ካፒቴን

«ስታር ትሬክ» የሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርሰት በ1966 እ.ኤ.አ. መታየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ እየተለዋወጠ ብዙ ተከታታይና ብዙ ፊልም ወጥቶለታል። የታሪኩ አጥንት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ አንድ የጠፈር መርከብ፣ በውስጡም አንድ ካፒቴን።

ካፒቴኖቹ በጠባይ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ጀምስ ኪርክ ደፋር ነው፤ ደንብ ሲያስቸግረው ደንቡን ይጥሳል። በ1987 እ.ኤ.አ. የመጣው ዣን ሉክ ፒካርድ መጽሐፍ ወዳድ ነው፤ መኮንኖቹን ሰብስቦ አሳባቸውን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሳኔው የራሱ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የመጣችው ካትሪን ጄንዌይ ደግሞ መርከቧ ከአገሯ 70,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ስለ ተጣለ፣ አለቃ ሊረዳት በማይችልበት ስፍራ ሰዎቿን ወደ አገራቸው ለመመለስ ትደክማለች።

ለጥናታችን ከሁሉ የሚጠቅመው በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም የሚታየው «ኮባያሺ ማሩ» የተባለ ፈተና ነው። ለአዛዥነት የሚማረው ወጣት «በጠላት ወሰን የተበላሸ መርከብ እርዳታ ይጠይቃል» ይባላል። ሊረዳ ቢሄድ የራሱ መርከብ ይጠፋል፤ ባይሄድ የሌሎቹ ሰዎች ይሞታሉ። ፈተናው ማሸነፊያ የለውም፤ ዓላማውም ወጣቱ ከሞት ጋር ሲፋጠጥ የሚያሳየውን ጠባይ ማየት ነው። ኪርክ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ጊዜ የፈተናውን መሣሪያ በስውር ለውጦ አሸነፈ፤ ስለ ብልሃቱም ተመሰገነ።

ብዙ ወጣት በዚህ ይደሰታል። ነገር ግን በዚያው ፊልም መጨረሻ ባልንጀራው ስፖክ መርከቡን ለማዳን ሕይወቱን ሲሰጥ፣ ኪርክ ሞትን ሲያመልጥ እንደ ኖረ እንጂ ፊት ለፊት ተጋፍጦት እንደማያውቅ ያምናል። ደራሲዎቹ በአንድ እጅ ያመሰገኑትን በሌላው እጅ መርምረውታል።

2ኛ/ በእውነት የተፈተነ ካፒቴን

እንዲህ ያለውን ፈተና በእውነት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ስላለን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 175 ሰዎች ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ፣ ረዳቱም ዮናስ መኩሪያ ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ፤ ረዳቱንም ደብድበው አስወጡት። «አሥራ አንድ ነን፤ ቦንብም አለን» አሉ። ቦንብ ያሉት ነገር የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ትእዛዛቸው ወደ አውስትራሊያ እንዲበርሩ ነበር። ካፒቴኑ ነዳጁ ለናይሮቢ ጉዞ የተሞላ መሆኑን፣ ውቅያኖሱን እንደማያሻግር ደጋግሞ አስረዳ። እነርሱ ግን በአውሮፕላኑ ውስጥ ከሚታደለው መጽሔት ላይ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ረጅም ርቀት እንደሚበርር አንብበው ነበርና አላመኑትም። መጽሔቱ የጻፈው ስለ ሙሉ ነዳጅ ነው፤ እነርሱ አንዲት መስመር አንብበው ዐዋቂውን አስተማሩት።

እንግዲህ ካፒቴኑ ምን አደረገ? በአፍሪካ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ በረረ፤ የብስ ከዓይኑ ካልራቀ ተስፋ አለና። ይህ ሲታወቅበትና ወደ ባሕሩ እንዲያቀና ሲገደድ፣ በስውር ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አመራ። ነዳጁ ማለቅ ሲጀምር ባገኘው አጭር ጊዜ ለተሳፋሪዎቹ በድምፅ ማጉያ እውነቱን ነገራቸው፤ ነዳጁ እንዳለቀ፣ በአደጋ እንደሚያርፉ፣ ጠላፊዎቹንም እንዲቃወሙ። በመጨረሻው ሰዓት በነበረው ግብግብ አውሮፕላን ማረፊያውን ሊደርስበት አልቻለም። ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው ሳለ በሰው ፊት፣ ከባሕር ዳርቻ ሆቴል አጠገብ ውሃው ላይ አሳረፈው። አውሮፕላኑ ተሰባበረ፤ 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ተረፉ። የደሴቲቱ ሰዎችና አገር ጎብኚዎች በጀልባ ፈጥነው ደረሱ።

ከሞቱት መካከል የሕይወት ማዳኛ ጃኬታቸውን ገና በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ብዙዎች ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ስላነሣቸው ወደ በሩ ጠልቀው ሊወጡ አልቻሉም። ጃኬት የሚነፋው ከበር ሲወጡ ነው የሚለው ደንብ፣ ከመነሣት በፊት ሲነገር ማንም ልብ ብሎ የማይሰማው ነው።

3ኛ/ ከዚህ የምንማረው

«125 ሰው ያለቀበትን ጉዞ እንዴት ታመሰግናለህ?» የሚል ባልንጀራ ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የሟች ወገን ያለው ሰው ሊጠይቀው መብት አለው። እኔ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ነዳጁን የወሰነ፣ መንገዱንም የዘጋ ሌላ ነው። ለካፒቴኑ የቀረችው ጥቂት ዲግሪ መሪ የማዞር ነፃነት ብቻ ነበረች፤ እርስዋንም እስከ መጨረሻው ለሰዎቹ ጥቅም አዋላት። ኪርክ ፈተናውን ለወጠ፤ ልዑል አባተ ሊለውጠው በማይችል ፈተና ውስጥ ሥራውን ሠራ። ወደ ክፍት ባሕር ቢሄድ ኖሮ ጀልባ የሚደርስለት ሰው ባልኖረም። የመጀመሪያው አሸናፊ ሊባል ይችላል፤ እውነተኛው ካፒቴን ግን ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት እውነትን ስለ መናገር ነው። «አትሥጉ፣ ሁሉ መልካም ነው» ቢል ይቀልለው ነበር። እርሱ ግን ተሳፋሪውን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው ቈጥሮ እውነቱን ነገረው።

ሦስተኛው እኛን፣ ተሳፋሪዎቹን ይመለከታል። መልካም ካፒቴን ብቻውን አያድንም። በደኅናው ጊዜ ደንቡን ያልሰማ፣ በክፉው ሰዓት ሊሰማ አይችልም።

እኛ ተማሪዎች ነገ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ የወረዳ ሹም፣ የማኅበር ሊቀ መንበር እንሆናለን። ብዙዎቻችን የምንመኘው እንደ ኪርክ ማሸነፍን ነው። ነገር ግን ከምናገኘው ሥራ የሚበዛው በጀቱ ያነሰ፣ ጊዜው የጠበበ፣ ሁኔታውን ሌላ ሰው የወሰነው ይሆናል። ያን ጊዜ «ሁኔታው አልተመቸኝም» ብሎ መሪውን መልቀቅ ይቀልላል። መጠየቅ የሚገባን፣ «በእጄ የቀረችው ምን ያህል ናት? ለማንስ አዋልኳት?» የሚለውን ነው።

የጌዶን ቁልቁለት የሚወርደው ሾፌር ይህን ያውቀዋል። ቁልቁለቱን እርሱ አልሠራውም፤ ሊያስቀረውም አይችልም። ነገር ግን ፍሬኑ እንዳይግል መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዞ፣ ቀስ ብሎ እጃጂ ያደርሰናል። እኛም ወርደን ሳናመሰግነው እንሄዳለን።