ሊኑክስን በተጻፈ ትእዛዝ መጫን
የኮምፒዩተር ትምህርት

ባለፉት እትሞች የኮምፒዩተርን ክፍሎችና ጥቂት መሠረታዊ ትእዛዞችን ተመልክተናል። በዚህ እትም የምናየው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ጥያቄ ሳይመልስ፣ በተጻፈ ትእዛዝ ብቻ፣ የሊኑክስን ሲስተም በባዶ ዲስክ ላይ እንዴት መጫን እንደሚቻል ነው። ትምህርቱ በተለይ ለማታው ክፍል ተማሪዎች የታሰበ ቢሆንም ሌሎቻችሁም ልትከታተሉት ትችላላችሁ። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ። በላቲን ፊደል አጻጻፋቸውን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ገልብጡ፤ አንዲት ክፍተት ወይም አንዲት ሰረዝ ብትዛነፍ ሥራው ስለሚበላሽ ከጆሮ መጻፍ አይበጅም።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለ። እንደምታውቁት የክፍላችን ኮምፒዩተሮች ሌላ ቦታ አገልግለው የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ሲበላሹ ሲስተሙን እንደገና የሚጭንልን አንድ ወንድማችን ነበር። ጉዳዩ አልቆለት ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ ደስ ብሎን ሸኘነው። በሳምንቱ ሁለት ኮምፒዩተሮች አልነሳ አሉ። ዲስኩን ስንት ቦታ ይከፍል እንደነበር፣ የትኞቹን ፕሮግራሞች ይጨምር እንደነበር የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረም። እሱም መተው ረስቶ አይደለም፤ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞት ስለነበር የሚጻፍ ነገር መኖሩን አላሰበውም። እኛም አልጠየቅነውም። በካምፕ ሕይወት ደግሞ ዛሬ የሚያውቅ ሰው ነገ እዚህ ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ ስክሪፕት የምንለው ይህንኑ ወረቀት ነው። ልዩነቱ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ራሱ መሆኑ ነው። በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ትእዛዞችን አንዱን ከአንዱ በታች እንጽፋለን፤ ሼል የሚባለው ፕሮግራም ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማቸዋል።

ሊኑክስ የሚለው ስም በትክክል የከርነሉ፣ ማለትም ማሽኑንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት ስም ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ጀመረው። ከርነል ብቻውን አይሠራም፤ ዙሪያውን በብዙ ፕሮግራሞች አጅበው የሚያከፋፍሉ ቡድኖች አሉ። እኛ የምንጠቀምበት ዴብያን በ1993 እ.ኤ.አ. በኢያን መርዶክ የተመሠረተ ነው። ዋጋ አይከፈልበትም፤ ለማንም መቅዳትና መስጠት ይፈቀዳል። አንድ ነገር አስተውሉ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴብያን 13 ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች ከርነልም ሆነ የመጫኛ ፕሮግራም የለውም። ለነሱ የመጨረሻው ዴብያን 12 ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የማሽኑን ዓይነት እወቁ።

ዴብያን ራሱ መልሶችን በቅድሚያ ጽፎ ለመጫኛው ፕሮግራም መስጫ መንገድ አለው፤ ፕሪሲድ ይባላል። ሬድ ሃት ደግሞ ኪክስታርት የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው። ሁለቱም ጥሩዎች ናቸው። እኔ ግን ለትምህርት ዴቡትስትራፕ በሚባለው ፕሮግራም መጀመርን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በፕሪሲድ መጫኛው ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚሠራ አይታያችሁም፤ በዴቡትስትራፕ ግን እያንዳንዱን እርምጃ በእጃችሁ ትጽፋላችሁ፤ ሲበላሽም የት እንደተበላሸ ታውቃላችሁ።

አሠራሩ

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከፍላሽ ላይ በሚነሳ ሊኑክስ እናስነሳለን። ይህ ሲስተም ማሽኑ ውስጥ ያለውን ዲስክ ሳይነካ በሜሞሪ ላይ ይሠራል። ስክሪፕታችን የሚሮጠው ከዚህ ነው።

በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር የሚያነበው ሼል የትኛው እንደሆነ እንገልጻለን። በሁለተኛው ላይ «ሴት ሰረዝ ኢ» የሚለው ይጻፋል። ትርጉሙ «አንድ ትእዛዝ ከከሸፈ እዚያው ቁም» ማለት ነው። ይህች አጭር መስመር ከሌለች ስክሪፕቱ ስሕተቱን አልፎ ይቀጥላል፤ ዲስኩ ሳይከፈል ለመቅረጽ፣ ሳይቀረጽ ለመገልበጥ ይሞክራል።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይስተካከላል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ስለምትሞት ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ከብዙ ዓመታት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። ጥቅሎችን የሚያመጣው አፕት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የጥቅሎቹ ዝርዝር የተዘጋጀበትን ቀን ከኮምፒዩተሩ ቀን ጋር ያስተያያል፤ ዝርዝሩ ገና ወደፊት በሚመጣ ቀን የተጻፈ መስሎ ከታየው አልቀበልም ይላል። አንድ ተማሪያችን ባትሪዋን በደንብ ቀይሮ፣ ዓመቱን ግን እንደ እኛ አቆጣጠር አስገብቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከዚህ ጋር ሲታገል ውሏል። ማሽኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው! ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ብላችሁ አስገቡ።

ከዚህ በኋላ ዲስኩ ይከፈላል። ብዙዎች የሚያውቁት ኤፍዲስክ እየጠየቀ መልስ የሚጠብቅ ስለሆነ ለስክሪፕት አይመችም። ኤስኤፍዲስክ የሚባለው ግን መልሱን ከጽሑፍ ይቀበላል። እኛ የምንሰጠው ጽሑፍ ሦስት መስመር ነው፤ የክፍፍሉን ዓይነት የሚገልጽ፣ 2 ጊጋባይት ለስዋፕ የሚመድብ፣ የቀረውን በሙሉ ለሊኑክስ የሚሰጥና የሚነሳበት ክፍል መሆኑን የሚያመለክት። ስዋፕ ሜሞሪ ሲሞላ ማሽኑ የሚተነፍስበት ቦታ ስለሆነ ለአሮጌ ኮምፒዩተር አይቀነስበት። የክፍሎቹ ስሞች እስኪመዘገቡ ጥቂት ሰከንድ ስለሚፈጅ ስክሪፕቱ እዚህ ላይ እንዲጠብቅ «ዩዴቭአድም ሴትል» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩ። ከዚያ አንዱን ክፍል ለስዋፕ እናዘጋጃለን፣ ሌላውን በኤክስት 4 ዓይነት እንቀርጻለንና ኤምኤንቲ በሚባለው ማኅደር ላይ እንሰካዋለን።

አሁን ዴቡትስትራፕ ይጠራል። ለሱ ሦስት ነገር ይነገረዋል፤ የትኛው እትም፣ የት እንዲቀመጥ፣ ከየት እንዲያመጣ። እሱም መሠረታዊ ጥቅሎቹን አምጥቶ በኤምኤንቲ ውስጥ ይዘረጋቸዋል። ሲጨርስ በዲስኩ ላይ ሙሉ የማኅደር ዛፍ ታያላችሁ፤ ብዙ ሰውም ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል።

አላለቀም። ኮምፒዩተሩን አሁን ብታስነሱት አይነሳም፤ ዴቡትስትራፕ ከርነል አይጭንምና። የማስነሻውን ፕሮግራም ግረብንም አይጭንም። ሁለቱን ለመጨመር ዴቭ፣ ፕሮክ እና ሲስ የሚባሉትን ማኅደሮች ከአዲሱ ዛፍ ጋር አያይዘን «ሲኤችሩት» በሚለው ትእዛዝ ወደ ውስጡ እንገባለን፤ ይህም ማለት ኤምኤንቲን እንደ ዋናው ሥር ቆጥረን እዚያው ውስጥ ሆነን እንሠራለን። ጥቅሎች ሲጫኑ ጥያቄ እንዳይጠይቁ የአቀራረቡን ተለዋዋጭ «ኖንኢንተራክቲቭ» ብለን እንሰይማለን። ግረብ እንደ ጥቅል መጫኑ አይበቃም፤ በዲስኩ መነሻ ላይ እንዲጻፍ «ግረብ ኢንስቶል» ተብሎ ለብቻው ይታዘዛል። ይህ ባዮስ ላላቸው አሮጌ ማሽኖች ነው። በሲስ ማኅደር ስር፣ ፈርምዌር ውስጥ፣ ኢኤፍአይ የሚባል ማኅደር ካገኛችሁ ማሽኑ የተነሳው በአዲሱ ዓይነት ነውና አከፋፈሉም ግረቡም ይለያል፤ እሱን በሌላ እትም እናየዋለን።

ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፤ ሁለቱም በመጀመሪያ ሙከራዬ የቀሩብኝ ናቸው። አንደኛው ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ነው። የትኛው ክፍል የት እንደሚሰካ የሚጻፍበት እሱ ነው። ባዶ ከሆነ ሲስተሙ ይነሳል፤ ዲስኩ ግን ለንባብ ብቻ ይከፈታል፤ አንዲት ፊደል እንኳ ማስቀመጥ አይቻልም። ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። ዴቡትስትራፕ ለዋናው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል አያወጣም፤ ስለዚህ ሲስተሙ ተነስቶ ስም ይጠይቃችኋል፤ ምንም ብትሉት አያስገባችሁም። በር ሠርቶ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ እንደመዝጋት ነው። «ሲኤችፓስደብሊውዲ» የሚባለው ትእዛዝ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከጽሑፍ ስለሚቀበል ለስክሪፕት ይመቻል። ነገር ግን በስክሪፕት ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃልን ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ተጠቃሚው መጀመሪያ ሲገባ ወዲያው እንዲቀይረው የሚያስገድደውን መስመር አትተዉ።

ለአማርኛም መስመር ጨምሬአለሁ። የኢትዮጵያ አማርኛ በዩቲኤፍ 8 የሚለው የቋንቋ ምርጫ በዴብያን ውስጥ አለ። አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽም በዴብያን ጥቅሎች ውስጥ ይገኛል። መስኮት በሌለው በጥቁሩ ገጽ ላይ እንኳ ፊደላችንን የሚያሳዩ ጎሃ የሚባሉ ቅርጾች አሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት በአንዱ ማሽን የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር የሚያስታውሱ በመካከላችን አሉ።

ዲስኩን ስለመለየት

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሊኑክስ ዲስኮችን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይሰይማቸዋል። ስያሜው ግን የዲስኩ የራሱ ስም አይደለም፤ ማሽኑ ሲነሳ በተገኙበት ተራ የሚሰጥ ነው። ዛሬ ኤስዲኤ የነበረው ነገ ኤስዲቢ ሊሆን ይችላል።

እኔ የመጀመሪያውን ስክሪፕት ስጽፍ «ኤስዲኤን ክፈል» ብዬ ነበር። በአምስት ማሽኖች ላይ ያለ እንከን ሠራ። በስድስተኛው ላይ የጽሑፍ ክፍል ተማሪዎች ሥራ የተቀመጠበት የውጭ ዲስክ በዩኤስቢ ተሰክቶ ነበር፤ የሰካሁትም እኔው ነኝ። በዚያ ማሽን ላይ ኤስዲኤ የተባለው እሱ ነበር። ስክሪፕቱ ምንም አልጠየቀም፤ እንዳይጠይቅ አድርጌ የጻፍሁት ራሴ ነኝና። ከደቂቃዎች በኋላ በዲስኩ ላይ ንጹሕ ዴብያን ተቀምጦ አገኘሁ። ከጠፉት ጽሑፎች መካከል አንዲት እናት ከአገር ስለወጡበት መንገድ ለልጆቻቸው እንዲቀመጥ ብለው በሦስት ወር ያስጻፉት ይገኝበታል። ሄጄ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ እንደገና እናገረዋለሁ» አሉኝ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እየተናገሩ ነው፤ የሚጽፈውም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱን በሦስት ነገር ለውጬዋለሁ። የዲስኩን ስም በውስጡ አልጽፍም፤ የሚያስኬደው ሰው በየጊዜው ይሰጠዋል። የሚሰጠውም ኤስዲኤ ብሎ ሳይሆን በዴቭ ማኅደር ስር፣ ዲስክ ውስጥ፣ «ባይ አይዲ» ከሚለው ማኅደር ነው፤ እዚያ ያሉት ስሞች ከዲስኩ ሞዴልና የፋብሪካ ቁጥር የተሠሩ ስለሆኑ ቦታ ቢቀያየር አይለወጡም። ሁለተኛ፣ ስክሪፕቱ «ኤልኤስብሎክ» በሚለው ትእዛዝ ዲስኩ በምን እንደተገናኘ ይጠይቃል፤ ዩኤስቢ ከሆነ ያቆማል። ይህ የተነሳንበትን ፍላሽም ይጠብቅልናል። ሦስተኛ፣ በዲስኩ ላይ ቀድሞ የተቀረጸ ነገር ካገኘ ሞዴሉንና መጠኑን አሳይቶ የፋብሪካ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደላት እንድንጽፍ ይጠይቃል። «አዎ» ማለትን እጃችን ስለሚለምደው አዎን አልቀበልም። ይህ ከአውቶማቲክነቱ ይቀንሳል የሚሉ ተማሪዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሆኖም አልለውጠውም።

ስለ ጥቅሎች

አንድን ሲስተም ለመጫን ከርነሉን ጨምሮ ከ100 ሜጋባይት የሚበልጥ ጥቅል ይመጣል። ይህን ለእያንዳንዱ ማሽን ደጋግሞ ማምጣት ለኛ ኢንተርኔት የማይታሰብ ነው። መፍትሔው አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም በአንድ ማሽን ላይ መጫን ነው። ሌሎቹ ጥቅል የሚጠይቁት እሱን ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ያመጣውን በዲስኩ አስቀምጦ ለቀጣዩ ይሰጣል። አገልግሎቱን የሚሰጠው በ3142 ቁጥር በር ነው። ዴቡትስትራፕን «ከየት» ስንለው የዚህን ማሽን አድራሻ እንሰጠዋለን። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ግማሽ ቀን ቢፈጅም ከሁለተኛው ጀምሮ መብራቱ ሳይጠፋ እናደርሳለን።

መልመጃ

1. ስክሪፕቱን ሳታዩ ከባዶ ዲስክ እስከ መጀመሪያው መነሳት ያሉትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል በአማርኛ ጻፉ።

2. አንድ ማሽን ተነስቶ ስም ጠየቀ፤ ገባችሁ፤ ፋይል ለማስቀመጥ ስትሞክሩ ግን አልፈቀደም። የትኛው እርምጃ ተዘልሏል?

3. በቱቦ ምልክት በተያያዙ ሁለት ትእዛዞች ውስጥ የመጀመሪያው ከሽፎ ሁለተኛው ከተሳካ «ሴት ሰረዝ ኢ» ያቆማል ወይስ አያቆምም? በተለየ የልምምድ ማሽን ላይ ሞክራችሁ መልሱን አምጡ። የልምምድ ማሽኑ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ነው፤ ሌላውን አትንኩ።