ልጅ ጥርስ ሲያበቅል ምን እናድርግ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሕፃናት ጥርስ ነው። ትምህርቱ ለእናቶች ብቻ አይደለም፤ አባቶችም አንብቡት። ልጅ ሲታመም ወዴት ይወሰድ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው አባት ነውና። ማንበብ የማይችሉ አያቶች በቤታችሁ ካሉ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ጥርስ ማብቀል ልጅን ያስቀምጠዋል ወይ? ብዙ ሰው «አዎ፣ ያስቀምጠዋል» ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን «አያስቀምጠውም» የሚለው ነው። ይህን አለማወቅ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ያስከፍላል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንመልከት።

1. ጥርስ መቼ ይበቅላል?

የልጅ ጥርስ መሠራት የሚጀምረው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ነው። ሲወለድ አይታይም እንጂ በድዱ ውስጥ ተቀብሮ አለ። ነገሩ በማሳ ውስጥ እንዳለ ዘር ነው። ዘር ጊዜው ሲደርስ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ጥርስም ጊዜው ሲደርስ ድዱን ከፍቶ ይወጣል።

አብዛኛው ሕፃን የመጀመሪያውን ጥርስ የሚያወጣው በ6 ወር ገደማ ነው። በ4 ወር የሚያወጣ አለ፤ እስከ 12 ወር የሚቆይም አለ። በአንድ ቀን የተዘራ ገብስ እንኳ ሁሉም በአንድ ቀን አይበቅልም። ስለዚህ «የጎረቤት ልጅ አወጣ፣ የእኔ ለምን ዘገየ?» ብላችሁ አትጨነቁ። ልጁ 18 ወር ሞልቶት አንድም ጥርስ ካላወጣ ግን ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጡት ከታች በኩል ያሉት ሁለቱ የፊት ጥርሶች ናቸው። ከዚያ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ይከተላሉ። አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች፣ ቀጥሎም ክራንቻዎች ይወጣሉ። ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ከላይ 10፣ ከታች 10፣ በጠቅላላው 20 የወተት ጥርስ ይኖረዋል። በ6 ዓመት ገደማ እነዚህ መውለቅ ይጀምራሉ፤ ቋሚዎቹ ጥርሶች በቦታቸው ይተካሉ።

2. ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ልጅ ጥርስ ሲያበቅል የሚከተሉት ምልክቶች ይታዩበታል፤
— ለሃጩ ይበዛል፤ አገጩና ደረቱ ይረጥባል።
— እጁንም ልብሱንም፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ወስዶ ይነክሳል።
— ድዱ ይቀላል፣ ትንሽ ያብጣል። በታጠበ ጣት ቢነኩት ጠጠር ያለ ነገር ይሰማል።
— ይነጫነጫል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል።
— ጉንጩን ወይም ጆሮውን ይነካካል።
— ሰውነቱ በመጠኑ ሞቅ ሊል ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥቂት ቀን ቆይቶ ጥርሱ ብቅ ሲል ይቀላል። በሽታ አይደለም።

አሁን ደግሞ የጥርስ ምልክት ያልሆኑትን ለዩ። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ሳል፣ ጡት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፤ እነዚህ የጥርስ ምልክቶች አይደሉም። የበሽታ ምልክቶች ናቸው።

3. ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ?

«እኛ እኮ በዓይናችን አይተናል፤ ጥርሱ ሲመጣ ተቅማጡም ይመጣል» ትሉ ይሆናል። ያያችሁት እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ይመጣሉ። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ዶሮ ሲጮህ ይነጋል፤ ያነጋው ግን ዶሮው አይደለም።

በ6 ወር ገደማ ለልጁ ሦስት አዲስ ነገሮች ይገጥሙታል።
አንደኛ፣ ከጡት ሌላ ምግብ መብላት ይጀምራል። ገንፎው፣ ዕቃው ወይም ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ጀርም ይገባበታል።
ሁለተኛ፣ መቀመጥና መዳህ ይጀምራል። ከመሬት ያነሳውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። በመሬቱ ላይ የዶሮና የከብት እዳሪ አለ።
ሦስተኛ፣ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው በሽታ የመከላከል ኃይል በዚህ ዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ ተቅማጡን ያመጣው በአፍ የገባ ጀርም ነው። ጥርሱ በከንቱ ተወነጀለ።

4. የሚነጫነጭ ልጅ በምን ይታገሳል?

ጥርስ ሲያበቅል ልጁን ድዱ ያሳክከዋል፣ ያመዋልም። ለማስታገስ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አያስፈልግም።
— እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጥፍራችሁ አጭር ይሁን። ከዚያ ድዱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት።
— ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ እየያዛችሁለት ያኝከው። ቅዝቃዜው ሕመሙን ያበርድለታል።
— ለሃጩን በለስላሳ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ጥረጉ። አለዚያ አገጩና አንገቱ ይቆስላል።
— ጡት በፈለገ ጊዜ ሁሉ አጥቡት። እቀፉት፣ እዘሉት፣ እሹሩሩ በሉት። ዕቅፍ መድኃኒት ነው።

የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለ በኋላ በየቀኑ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። የወተት ጥርስ ይወልቃል ተብሎ ችላ አይባልም።

5. የማይደረግ

— ድዱን በአረቄ፣ በጨው፣ በአመድ ወይም በቅጠል አትሹ።
— አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አትስጡ። ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊኖርበት ይችላል።
— ጠንካራ ጥሬ ነገር፣ እንደ ካሮት ያለ ቁራጭ፣ እንዲያኝክ ብላችሁ አትስጡት። ያንቀዋል። ጨሌ በአንገቱ አታንጠልጥሉ፤ ክሩ ያንቀዋል፤ ፍሬውን ሊውጠው ይችላል።
— ለአዋቂ የተገዛ ክኒን ሰባብራችሁ አትስጡት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። የሕመም ማስታገሻ ካስፈለገ የጤና ባለሙያ መጠኑን ይወስን።

6. የወተት ጥርስ አታስነቅሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በአንዳንድ አገራችን ክፍል ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው «ጥርሱ ነው» ተብሎ ወደ ነቃይ ይወሰዳል። ግግ ማስወጣት የሚሉትም አሉ። ነቃዩ ድዱን በምላጭ ወይም በሹል ብረት ሰንጥቆ ነጭ ነገር ያወጣል። «ትሉ ይኸው ወጣ» ብሎም ያሳያል።

ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ጥርስ ነው። ክራንቻ የሚወጣው ልጁ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው። በጨቅላነቱ ድዱ ሲሰነጠቅ ግን ጥርሱ ገና ለጋ ስለሆነ ለስላሳና ነጭ ሆኖ ይታያል። እስቲ አስቡት። ቡቃያው ቶሎ እንዲወጣ ብሎ ማሳውን በዶማ የሚቆፍር ገበሬ አለ? ቢኖር ቡቃያውንም ዘሩንም ያጣል።

የሚያስከትለው ጉዳት ይህ ነው፤
— ደም ይፈሳል። የሕፃን ደም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይዳከማል።
— ባልተቀቀለ ብረት ቁስሉ ያመረቅዛል። መንጋጋ ቆልፍም ሊይዘው ይችላል።
— አንድ ምላጭ ከልጅ ልጅ ሲዘዋወር ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።
— ከወተት ጥርሱ ሥር የቋሚው ጥርስ ዘር አለ። እሱ ከተነካ ቋሚው ጥርስ ጠማማ ሆኖ ይወጣል፤ ወይም ጨርሶ ይቀራል።
— ድዱ የቆሰለ ልጅ መጥባት አይችልም። ያስቀመጠው ልጅ ደግሞ ካልጠባ ውሃው አልቆ ይሞታል።

«ጎረቤቴ አስነቅላለት ድኗል እኮ» የሚል ይኖራል። አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል። ልጁ ሊድን ሲል ጥርሱ ተነቀለ፤ ምስጋናው ለነቃዩ ሆነ። ያልዳነው ልጅ ግን ተቀብሯል፤ ስለ እሱ የሚያወራ የለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕፃንን አካል መጉዳት ይከለክላል፤ ያስቀጣልም።

7. ልጁን ካስቀመጠው

መጀመሪያ ጡት አታቋርጡ። እንዲያውም ጨምሩለት። 6 ወር ካለፈው ምግቡንም በትንሽ በትንሹ አትከልክሉት።

ቀጥሎ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለት ኦ.አር.ኤስ. ከጤና ኬላ ውሰዱ። እዚህ ላይ ማንበብ ይጠቅማችኋል። በፓኬቱ ላይ ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። የ1 ሊትር ፓኬት ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ሙሉውን በጥብጡት። ውሃው ቢያንስም ቢበዛም ልክ አይደለም። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ካስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ በማንኪያ ስጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ደፍታችሁ ሌላ በጥብጡ። የዚንክ ክኒን ከተሰጣችሁም ተቅማጡ ቆመ ብላችሁ አታቋርጡ፤ የታዘዘውን ቀን ጨርሱ።

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ሳትዘገዩ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ካጣ፣ ከደከመና አልነቃም ካለ፣ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ከተንቀጠቀጠ።

8. አያት «ይነቀል» ቢሉስ?

አያት የሚሉት ልጁን ስለሚወዱ ነው። ስለዚህ በክብር መልሱላቸው። ምራት እንዲህ ብትል ጥሩ ነው፤ «እማማ፣ እርስዎ ብዙ ልጅ አሳድገዋል። ዛሬ ግን መጀመሪያ ጤና ኬላ እንውሰደው። እባክዎ አብረውን ይምጡ፤ ባለሙያዋ የምትለውን አብረን እንስማ።» ባልም «እሷ ትክክል ናት» ብሎ ከጎኗ ይቁም። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቷል፤ የሠለጠኑ ሴቶችም ተመድበዋል። ያለ ክፍያ ያማክሯችኋል፤ ጠይቋቸው።

አዲስ ቃላት። ደጋግማችሁ አንብቡ፣ በደብተራችሁም ጻፉ፤
ድድ — ጥርስ የሚበቅልበት ሥጋ
ክራንቻ — ከፊት ጥርስ ቀጥሎ ያለ ሹል ጥርስ
ጀርም — በዓይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ነፍስ ያለው ነገር

ጥያቄዎች
1. የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ በስንት ወር ይወጣል?
2. ሦስት የጥርስ ማብቀል ምልክቶችን ጻፉ።
3. የጥርስ ምልክት ያልሆኑ ሦስት የበሽታ ምልክቶችን ጻፉ።
4. ነቃዩ «ትል» ብሎ የሚያሳየው ምንድን ነው?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለ? ይህን ትምህርት ለእናቱና ለአባቱ አንብቡላቸው። ከዚያ ልጁን ቢያስቀምጠው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቋቸው።