የነፍሳት ንክሻ በቤትና በበዓል ጉዞ



ሚያዝያ 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲደርስ ከገጠር ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። አራዳ ጊዮርጊስን ይሳለማል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ፒያሳ ወጥቶም ለልጁ ልብስ ይገዛል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እንግዳው ወደ አገሩ ሲመለስ ሳያውቀው ይዞት የሚሄድ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ይኸውም በልብሱ ስፌትና በጓዙ ውስጥ የተደበቀ ትኋን፣ ቅማልና ቁንጫ ነው። ወደ ቆላ የወረደ ሰው ደግሞ ወባ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ነፍሳት እንዴት እንደምንከላከልና ከተነከስን በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባን በዚህ ትምህርት እንነጋገራለን።

1ኛ/ ስለ ትኋን

በአራዳ የነበሩትና ዛሬም የቀሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ የሆነ ቤት ለትኋን ይመቸዋል። ትኋን ቀን ቀን በአልጋ መጋጠሚያ፣ በግድግዳ ስንጥቅና በተለጠፈ ወረቀት ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ወጥቶ ደም ይመጣል። ደም ሳያገኝም ብዙ ወር መቆየት ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ቤቱ ፈረሰ፤ ትኋኑም አብሮ አለቀ» ማለት ስሕተት ነው። ትኋን በአልጋና በፍራሽ ተጭኖ አዲሱ ቤት ይገባልና።

ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልታወቀም። ጉዳቱ እንቅልፍ መንሳቱና ማሳከኩ ነው፤ የታከከው ቦታ ይቆስላል፤ ቁስሉም ይመግላል። ለማጥፋት አልጋውን ወደ ውጭ አውጥታችሁ በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ አፍስሱበት። አንሶላና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እጠቡ። የተለጠፈውን ወረቀት ልጣችሁ አቃጥሉ፤ ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈል ስለሚኖር ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይታችሁ ሥራውን ድገሙት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ነገር አለ። አንዳንድ ሰው፦
«እታለም፣ ለእህሉ የተገዛውን የተባይ መድኃኒት አልጋው ላይ ብንረጨውስ?» ይላል።
ኧረ በፍጹም አይሆንም! የእህልና የከብት ተባይ መድኃኒት በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው ቶሎ ይመረዛል። ትኋን ልጅ አይገድልም፤ መርዙ ግን ይገድላል። ለቅማል ብሎ የልጅን ራስ በዚህ መድኃኒት ወይም በነጭ ጋዝ ማሸትም እንዲሁ አደጋ ነው። መርዝ የነካው ልጅ ካስመለሰው፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ካላበው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከተንቀጠቀጠ ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

2ኛ/ ስለ ቅማልና ቁንጫ

የልብስ ቅማል በስፌት ውስጥ ይኖራል። ከትኋን የሚከፋው በሽታ ስለሚያስተላልፍ ነው፤ ይኸውም ተስቦና ግርሻ ነው። ግርሻ ማለት ለጥቂት ቀን አተኩሶ የሚተውና ተመልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። ከሌላው ዓለም አብዛኛው ስፍራ ቢጠፋም በአገራችን አሁንም ይገኛል።

ቅማልን በጥፍር መጭመቅ ወይም በጥርስ መቀርጠፍ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን የግርሻ ተውሳክ ያለው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቅማሉ ሲፈርጥ በታከከ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ስለዚህ አትጭመቁት። ልብሱን ቀቅሉት፤ ካውያ ያለው ስፌቱን ይተኩስ። ገላን መታጠብና ልብስን መቀየርም ቅማል እንዳይራባ ያደርጋል።

ቁንጫ እንቁላሏን የምትጥለው በአቧራና በመኝታ አካባቢ ነው። ወለሉን ውሃ ረጨት አድርጋችሁ በየቀኑ ጥረጉ፤ ውሻና ፍየልም ሰው ከሚተኛበት ቤት አይደሩ።

3ኛ/ ስለ ወባ ትንኝ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ወባ የለመደ አገር አይደለችም። ነገር ግን ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ መተሐራ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሰው ወባ አገር ገብቷል። በአገራችን ወባ የሚበዛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ሲበረታ ግን ወደ ላይም ይወጣል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መግቢያ በቆየው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል።

ቆላ ስታድሩ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ተኙ፤ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር ወትፉት። አጎበር የእህል መሸፈኛ አይደለም፤ የተቀደደውም ይሰፋ። ደግሞም በ2008 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የታየ አንድ አዲስ የወባ ትንኝ በከተማ በርሜልና ገንዳ ውስጥ እንደሚራባ ታውቋል። ስለዚህ የውሃ ዕቃችሁን ክደኑ።

ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ከሳምንት ጀምሮ ወራትም ቢያልፉ፣ ትኩሳት ቢይዛችሁ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ አትተኙ። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ፤ «ቆላ ነበርሁ» ማለትንም አትርሱ። ሳትናገሩ ከቀራችሁ መርማሪው ወባን ላይጠረጥር ይችላል።

4ኛ/ የተነከሰ ሰው በቤት ሲታከም

ሀ/ የተነከሰውን ቦታ በውሃና በሳሙና እጠቡ።
ለ/ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉበት፤ እብጠቱንና ማሳከኩን ያበርድለታል።
ሐ/ የልጁን ጥፍር ቁረጡ፤ እንዳያክም ምከሩት።
መ/ ንብ ከነደፈች መንደፊያዋን ሳትዘገዩ በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡት።
ሠ/ መዥገር ከተጣበቀ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ በቀስታ ሳቡት፤ በእሳት አትተኩሱት።
ረ/ እበት፣ አመድ፣ ጋዝ ወይም ትንባሆ ቁስል ላይ አታድርጉ።

የተነከሰው ሰው ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ደቂቃም አታባክኑ፤ ወደ ሐኪም ቤት ይዛችሁት ሩጡ። ብዙ ንብ የነደፈው ልጅም እንዲሁ ነው። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

5ኛ/ ከበዓል ስትመለሱ

ጓዛችሁን አልጋ ላይ አትፍቱ፤ ደጅ ላይ ፍቱት። ልብሱን አራግፉ፤ የሚቀቀለውን ቀቅሉ፤ ስፌቱን እዩ። እንግዳ የሚቀበለው የአራዳ ቤተ ዘመድም እንግዳው ሳይመጣ አልጋውን ይመልከት። እንግዳን አክብሮ መቀበል ከንጹሕ መኝታ ይጀምራል። ትኋን ወይም ቅማል በማንም ቤት ሊገባ ስለሚችል ለጎረቤት መናገር ነውር አይደለም። በአንድ ቤት ጠፍቶ በጎረቤት ከቀረ ተመልሶ ይመጣልና አብራችሁ አጥፉት።

ትምህርቱን ለማስታወስ እነዚህን ጥያቄዎች በቤታችሁ ተጠያየቁ፦ ቅማልን በጥፍር መጭመቅ ለምን ይከለከላል? የእህል መድኃኒት አልጋ ላይ ቢረጭ ልጅን ምን ያደርገዋል? ከቆላ የተመለሰ ሰው ቢያተኩሰው በስንት ሰዓት ውስጥ መመርመር ይገባዋል? ማንበብ የሚችል ልጅ ያላችሁ ይህን ወረቀት ለእናቱና ለአያቱ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው።