ሁለት ካርቡሬተር፣ አንድ ሞተር

ጥያቄ፦ የቆየ ሆንዳ ሲቢ 350 ሞተር ሳይክል እያደስኩ ነው። ካርቡሬተሮቹን አጥቤ ብገጥምም ሚኒሞ ላይ ይንገጫገጫል፤ የግራው ካንዴላም ጥላሸት ይለብሳል። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተቱንና የማቀጣጠያውን ታይሚንግ ያስተካክሉ። እነሱ ከተዛነፉ ካርቡሬተር መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ የግራውን ይፍቱ። የተንሳፋፊው ቁመት ከቀኙ እኩል መሆኑን፣ የመርፌ ቫልቩም አለመበላቱን ይዩ፤ ቤንዚን የሚያበዛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጂግለሮቹን በአየር ግፊት እንጂ በሽቦ አያጽዱ፤ የነሐሱ ቀዳዳ ይሰፋል።

ሲገጥሙ የድብልቅ ብሎኖቹን በስሱ እስከ መጨረሻው አጥብቀው፣ ለመነሻ አንድ ዙር ያህል ይመልሱ። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞውን በደቂቃ 1,200 ዙር ገደማ ላይ ያድርጉና የሁለቱን ማርሚታዎች ግፊት፣ መዳፍዎን ከጫፋቸው ራቅ አድርገው ያመዛዝኑ። ሁለቱ የነዳጅ መስጫ ገመዶችም እኩል መሳባቸውን ያረጋግጡ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ሳሳ ይላል። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለቱም ካንዴላዎች ከጠቆሩ ዋናውን ጂግለር አንድ ቁጥር ያሳንሱ። ሁለቱም ቡናማ ከሆኑ ግን መፍቻውን ያስቀምጡ፤ ሥራው አልቋል።