ጉሎ ከየት መጣ? ዘሩስ ስንት ዓይነት ነው?

ገበሬዎች ሆይ፤ በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ተክል ከጓሮአችሁ የማይጠፋው ጉሎ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ቆቦ፥ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ጉልዒ ይሉታል። ማንም ሳይዘራው በአመድ መድፊያውና በአጥር ሥር ስለሚበቅል ብዙ ሰው እንደ ሰብል አይቈጥረውም። ሆኖም እናቶቻችን ፍሬውን ቆልተውና ወቅጠው ምጣድ ሲያስሱበት፥ ቆዳ አልፊዎችም ቆዳ ሲያለሰልሱበት ኖረዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዘይቱ ለሞተር ነዳጅ ይሆናል ስለ ተባለ የጉሎ ስም በየስብሰባው ይነሣል።

ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ሥራ ሥሩ። ወደ ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ጓሮ ሂዱና ከየዛፉ አምስት አምስት ፍሬ ለቅማችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ፍሬው መርዝ አለውና ሕፃናት አይንኩት፤ እናንተም ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። አሁን አስተውላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ፍሬ እንደ ሽንብራ ያነሰ፥ ሌላው እንደ ባቄላ የሰፋ ነው። አንዱ ቡናማ ነጠብጣብ፥ አንዱ አመዳማ፥ አንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። የሳይንስ ሰዎች ለጉሎ የሰጡት ስም ሪሲኑስ በላቲን ቋንቋ መዥገር ማለት ነው፤ ፍሬውን ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ተክሉም ብትመለከቱ ግንዱ አረንጓዴ የሆነ አለ፤ እንደ ቀይ ሥር የቀላም አለ፤ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስልም አለ። ፍሬውን የሸፈነው ቅርፊት በአንዱ እሾሃማ፥ በሌላው ልሙጥ ነው። ሲደርቅ ተፈንድቶ ፍሬውን የሚበትን አለ፤ እስኪለቀም ድረስ አጥብቆ የሚይዝም አለ።

ይህ ሁሉ ልዩነት የአንድ ተክል ልጆች ልዩነት ነው። በሪሲኑስ ወገን ውስጥ ያለው ዝርያ አንድ ብቻ ነውና ቀዩም አረንጓዴውም፥ ትልቁም ትንሹም እርስ በርሱ ይዳቀላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ብዙ ልዩነት ለምን በእኛ ጓሮ ተገኘ?

የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ተዘዋውሮ እህል ሰብስቦ ነበር። የእርሱ ሐሳብ፥ አንድ ሰብል ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት አገር የሰብሉ መወለጃ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። በዚህም መሠረት ጉሎን ከጤፍና ከኑግ ጋር በኢትዮጵያ ሰብሎች መዝገብ ውስጥ አገባው። ሐሳቡ ለሁሉም ሰብል ልክ ሆኖ አልተገኘም፤ ስለ ጉሎ ግን ብዙ አልሳተም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 505 የጉሎ ናሙናዎችን በዘር ውርሳቸው መርምረው፥ ዛሬ በዓለም የሚዘራው ጉሎ ሁሉ የዱር አባቱ በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኝ መሆኑን አስታወቁ። የኢትዮጵያና የኬንያ የዱር ጉሎዎችም በመካከላቸው ባለው በቱርካና ቆላ የአየር ለውጥ ምክንያት ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ተለያዩ፥ ሰው ጉሎን ማልመድ የጀመረውም ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ ገመቱ።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ፥ «በግብፅ መቃብር የተገኘው ጉሎ ከዚህ ይበልጣል ይባል የለም ወይ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ከዚያ እጅግ የቆየ የጉሎ ፍሬ በግብፅ ተገኝቷል። ነገር ግን መልቀምና ማልመድ አንድ አይደሉም። ሰው የእንጆሪን ፍሬ ከጫካ ለቅሞ ይበላል እንጂ እንጆሪን አላመደ አይባልም። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ግብፆች ኪኪ የሚሉትን የጉሎ ዘይት ለመብራት ያነዱት እንደ ነበር፥ ሽታው ግን ደስ እንደማይል ጽፏል። ስለዚህ ጉሎን ማንደድ አዲስ ጥበብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ከሞላ ጎተራ አንድ እፍኝ ዘር ወስዳችሁ ለሩቅ ዘመድ ብትሰጡ፥ እርሱም ከዚያ ላይ ቈንጥሮ ለሌላ ቢሰጥ፥ በመጨረሻው ሰው ቤት የሚገኘው ዘር ጥቂት ዓይነት ብቻ ይሆናል። ጉሎም ከመወለጃው ሲወጣ እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአምስት አህጉሮች የተሰበሰበ ዘር ተመርምሮ፥ መልኩ የተለያየ ቢመስልም የውስጥ ልዩነቱ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለምን ጉሎ አብዛኛውን የምታመርተው ሕንድ ናት። በጉጃራት ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያው ድቅል ጉሎ ለገበሬ ተሰጠና ምርት በጣም ጨመረ። ይሁን እንጂ የዚያ ድቅልና ከእርሱ በኋላ የመጡ የብዙዎቹ እናት ቪፒ-1 የተባለች አንዲት ዘር ነበረች፤ እርስዋም የተገኘችው ከአሜሪካ ከመጣ ዘር ነው። ከአፈር የሚነሣው አጠውላጊ በሽታ በተስፋፋ ጊዜ የሕንድ ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ወላጅ ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። የአንድ እናት ልጆች ከሆኑ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ለመጣል አይቸገርም።

ጃትሮፋ የተባለውም የነዳጅ ተክል ከዚህ የባሰ ነገር ደርሶበታል። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የተሻገረው ዘር ጥቂት ስለ ነበረ በነዚህ አህጉሮች ያለው ጃትሮፋ እርስ በርሱ በጣም ይመሳሰላል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገሮች ሰፊ መሬት ተተክሎ ምርቱ ከተነገረው እጅግ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፥ የሚሻለውን ለመምረጥ የሚበቃ ልዩነት በእጅ አልተገኘም። መርዝ የሌለው ጃትሮፋ እንኳ የሚገኘው በዚያው በሜክሲኮ ነው።

በእኛ አገር መንግሥት የዕፅዋት ነዳጅ ዕቅዱን እ.ኤ.አ. በ2007 ካወጣ በኋላ በወላይታና በሌሎችም ቦታዎች ብዙ ገበሬዎች ከኩባንያዎች ጋር ውል ገብተው ጉሎ ዘሩ። ብዙው ሥራ የታሰበውን ያህል ሳይሆን ቀረ፤ በበቆሎ ማሳቸው ጉሎ የዘሩ ሰዎች ተጎዱ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያልፍ የሚቀረው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለም። በአዲሱ ዘር ምክንያት የጓሮው ጉሎ ተነቅሎ ከተጣለ፥ ገዢው ሲሄድ አሮጌውም ዘር አብሮ ይሄዳል።

በእኔ አስተያየት ጉሎን ለነዳጅ ብቻ ብሎ መዝራት አይገባም። ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ነገር ግን የጉሎ ዘይት ከሌላ የቅባት እህል ዘይት ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ወደ ባዮዲዝል ከተለወጠም በኋላ ውፍረቱ ስለማይለቀው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ነዳጅ ጋር መደባለቅ አለበት። ይኸው ወፍራምነቱ ግን ለሞተር ማለስለሻ፥ ለቀለምና ለሳሙና ፋብሪካ ተፈላጊ ያደርገዋል። ገዢ ሲመጣ ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁት፤ ዋጋው እንደ ጥቅሙ ይለያያልና።

ዘር ለመያዝ የምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። የጉሎ አበባ ዘለላ ከላይ ቀያዮቹን የሴት አበቦች፥ ከታች ቢጫዎቹን የወንድ አበቦች ይይዛል፤ ብናኙን ነፋስ ከተክል ወደ ተክል ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጉሎ ጎን ለጎን ከቆመ በሚመጣው ዓመት የምታገኙት ዘር የሁለቱም ክልስ ነው። አንድን ዓይነት ለይቶ ማቆየት የሚፈልግ ከሌላው ቢያንስ 300 ሜትር ያርቀው። ቦታ ከሌለ የሴቶቹ አበቦች ሳይፈነዱ ዘለላውን በስስ የጨርቅ ከረጢት ሸፍኖ ፍሬው ሲቋጠር መግለጥ ይቻላል። ቅርፊቱ የማይፈነዳውን፥ በሽታ በገባበት ዓመት የቆመውን፥ ዝናብ ባጠረ ጊዜ ያፈራውን ዛፍ ምልክት እሰሩበት። ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ዘይቱ ይበዛል ብላችሁ አትምረጡ፤ ዘይት በዓይን አይለካም። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ከሦስት መንደር የሰበሰብሁትን ጉሎ መልኩ አማረኝና በአንድ ጆንያ ቀላቅዬ ነበር፤ ኋላ የትኛው ከየት እንደ መጣ የሚነግረኝ አጣሁ፤ የአንድ ወር ድካሜ ምጣድ ማሰሻ ሆኖ ቀረ።

ስለ መርዙ ደግሞ ይህን ዕወቁ። ሪሲን የተባለው መርዝ በፍሬው ውስጥ ነው፤ በዘይት አይሟሟም፤ ዘይቱ ሲጨመቅ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ፈረስና በቅሎ ከሁሉ ይልቅ ይጎዳሉ። የኑግ ፋጉሎ ለከብት ደግ ነውና የጉሎውም እንዲሁ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሰው በረቱን ያራቁታል። የጉሎ ፋጉሎ ለመሬት ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ ከብትና ውሻ እንዳያገኙት ከአፈር ጋር ቅበሩት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ በቀበሌአችሁ የምታገኙትን እያንዳንዱን የጉሎ ዓይነት በየራሱ ከረጢት አድርጉ። የመንደሩን ስም፥ የቦታውን ከፍታ፥ የግንዱንና የፍሬውን መልክ፥ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም፥ ባለቤቲቱ ለምን እንደምትጠቀምበት ጽፋችሁ ከውስጥም ከውጭም አኑሩ። አብዛኛውን ጊዜ የጉሎን ጠባይ የሚያውቁት ሴቶች ናቸውና እነርሱን ሳትጠይቁ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንዲህ ያለውን ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ያቆያል። የምትልኩት ዘር በጥላ የደረቀ፥ ነቀዝ ያልነካው፥ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች የተለቀመ ይሁን። ግማሹን ግን እዚያው ለባለቤቲቱ ተዉላት፤ በሚመጣው ክረምት ትዘራዋለች።