ፍግና ቢላ፦ የእንሰት ጓሯችንን ጠብቆ ማቆየት



ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባሉ ቀበሌዎች እንሰት የነበረባቸው ጓሮዎች በባሕር ዛፍና በጫት ሲተኩ እናያለን። ለምን ብለን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «እንሰቱ በበሽታ አለቀ» የሚል ነው። በሽታው ግን መከላከል የሚቻል ነው። ይህን ትምህርት ስትጨርሱ በሽታውን ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ስርጭቱን ማቆምና የጓሮውን አፈር መመለስም ትችላላችሁ።

1. እንሰት ለመሬቱ ምን ይሠራል?

እንሰት ለምርት እስኪደርስ በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት መሬቱ በየወቅቱ አይገለበጥም። ሰፊው ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ስለሚሰብር አፈሩ አይታጠብም። ቅጠሉን ከብቱ ይበላዋል፤ ፍጉና አመዱ ተመልሶ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ማዳበሪያ ሳይገዙ ያንኑ ጓሮ ለትውልድ ያቆዩት በዚህ ነው። ዝናብ ቢያጥርም ቆጮና ቡላ ከቤት አይጠፋም።

ይህ ዑደት የሚበጠሰው ፍጉ ሲቀር ነው። ከብት ሲቀንስ፣ ኩበቱ ማገዶ ሲሆን፣ አፈሩ ይደክማል፤ እንሰቱም ይቀጭጫል። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፤ ቦታው ግን ጓሮ ሳይሆን ከምንጭና ከሰብል የራቀ ዳገት ነው።

2. አጠውልግ በሽታን እንዴት እንለያለን?

በሽታው በአገራችን በእንሰት ላይ በሳይንስ የተመዘገበው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። መንስኤው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ሲሆን የሚገድል መድኃኒት የለውም።

• መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይታጠፋል። ድርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ያረጀ ቅጠል ይጀምራል።
• የቅጠሉን እግር ስትቆርጡት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጣ ያለ ቢጫና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወጣል።

3. በሽታውን የሚያዛምተው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ እኛው ነን። በአንድ ቀበሌ ያየሁት ጓሮ ጤነኛ ነበር። ባለቤቱ ከጎረቤት በተዋሰው ቢላ ቅጠል ቆረጠ፤ ከወራት በኋላ የቆረጣቸው እንሰቶች ተራ በተራ ጠወለጉ። ቢላውን አላጸዳውም ነበር።

4. ምን እናድርግ?

• ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስትሻገሩ ቢላውን በእሳት ላይ አግሉት ወይም በበረኪና እጠቡት። የተዋሳችሁትን መሣሪያ ሳታጸዱ አትጠቀሙ።
• የታመመውን እንሰት ከነሥሩ ነቅላችሁ፣ ከጤነኛው አርቃችሁ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ። ለከብት አትስጡ፤ ከፍግ ጉድጓድም አትጨምሩት።
• በዚያ ቦታ ለአንድ ዓመት ያህል እንሰት አትትከሉ፤ ባቄላ፣ ጎመን ወይም ድንች ተክላችሁ አፈሩን አሳርፉ።
• ችግኝ ከታመመ ጓሮ አትውሰዱ። ከገበያ ስትገዙም ከየት እንደመጣ ጠይቁ።
• ፍግን ከጥላ ሥር አከማችታችሁ፣ ሸፍናችሁ አብላሉት፤ ለእንሰቱ ግንድ ዙሪያም መልሱት።

5. ለውይይት

እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቅጠሉን የሚቆርጡት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ስለዚህ ይህን ትምህርት ባል ብቻ ሰምቶ ቢሄድ ቢላው አይጸዳም። ባለቤታችሁ ዛሬ አብራችሁ ካልመጣች፣ ማታ እናንተ አስረዷት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ አብራችሁ ኑ።

ከዚያ በፊት እያንዳንዳችሁ ጓሯችሁን ዞራችሁ የጠወለገ እንሰት ካለ ቁጠሩ። በልማት ቡድናችሁ ውስጥ ያሉ ጎረቤቶችንም አስቆጥሩ። አንድ ሰው ጓሮውን አጽድቶ ጎረቤቱ ካላጸዳ በሽታው ተመልሶ ይመጣልና ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፤ ከዚያ ተነስተን አብረን እናቅዳለን።